ቀለም የማይቀበል ሳንቃ

ባለፈው ጥቅምት መሰላሌን ለጎረቤት ሰጠሁ። ጉልበቴ ሦስተኛው መርገጫ ላይ ሲደርስ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር፤ በሚንቀጠቀጥ ጉልበት መሰላል የሚወጣ ሰው ደግሞ ደፋር ሳይሆን ሞኝ ነው። ሥራውም ቢሆን ተለውጧል። አሁን መቱ ውስጥ የሚነሡት ፎቆች ፊታቸው መስታወትና አሉሚኒየም ነው። በጨርቅ ይወለወላሉ እንጂ አይፋቁም። አልከፋኝም። ሠላሳ ዓመት ያህል የሰው ቤት ግድግዳ ፋቅሁ፣ አጠብኩ፣ ደፈንኩ፣ ቀባሁ፤ በዚሁ ሥራ አራት ልጆች አሳደግኩ። ትልቋ ልጄ በደሌ ከተማ አስተማሪ ናት። «ሁልጊዜ ራት ላይ የምትነግረንን ለምን አትጽፈውም?» አለችኝ። ራት ላይ ያልነገርኳቸውም ስላለ፣ እሺ አልኳት።

ትምህርት ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ያነበብኩት አብዛኛው ነገር ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጋዜጣ ነበር። በእኛ አገር የሳንቃ ቤት ውስጡ ብርድ እንዳያስገባ በዱቄት ሙጫ ጋዜጣ ይለጠፍበታል። እኔ ደግሞ ቤት በማድስ ጊዜ አሮጌውን ጋዜጣ ከመላጤ በፊት አነበው ነበር። አንድ ወሬ ጀምሬ መጨረሻው ከቁም ሳጥን ጀርባ የቀረብኝ ብዙ ነው። ልጆቼ መጽሐፍ ተገዝቶላቸው ሳያነቡ ሲያድሩ የምቆጣው ለዚህ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ከመንግሥት ለውጡ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ መቱ በሚገኝ አንድ የግንባታ መሥሪያ ቤት ውስጥ በቀን ሠራተኛነት ነው። የወረዳ ቢሮዎችና ትምህርት ቤቶች ይታደሱ ነበር። ወደ ኡካ ሄድን፣ ወደ ጎሬ ሄድን፣ ሶር ፏፏቴ አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ደግሞ አንድ ወር ተቀመጥን። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ የፈረምኩበት ወረቀት ግን ብዙ ነው። ከዚህ በላይ ስለ እሱ የምለው የለኝም።

የኢሉባቦር ያልሆነ ሰው አንድ ነገር ማወቅ አለበት። እዚህ ዝናብ እንግዳ አይደለም፤ ባለቤት ነው። ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ይዘንባል፤ አንዳንድ ዓመት ኅዳርንም ይጨምራል። የቤት ውጪ ግድግዳ ከታች ግማሽ ሜትር ድረስ ከመሬት በሚፈናጠር ጭቃ ይቀላል፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ ሽበት ያወጣል። ሰው ይህን አይቶ «ቀለም ያስፈልገዋል» ይላል። የሚያስፈልገው ግን መጀመሪያ ውሃና ብሩሽ፣ ቀጥሎ ፀሐይ፣ ቀጥሎ ትዕግሥት ነው። ቀለም መጨረሻ ይመጣል።

ይህን ያስተማሩኝ ጋሼ ደበበ ናቸው። ጋሼ ደበበ የቀለም ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። ቀጭን ሰው፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ኪሳቸው ውስጥ ምስማርና ጠመኔ የማይጠፋ። አንድ ቤት ሲደርሱ ከባለቤቱ በፊት ግድግዳውን ይነኩ ነበር። መዳፋቸውን ጥሩ አድርገው ያሳርፉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አንድ ጊዜ የኡካ ቤት ባለቤት፣ ሽማግሌ ገበሬ፣ በር ላይ ቆመው ጠበቋቸውና፣

«ደበበ፣ ግድግዳው አካም ቡልቴ አለህ ወይስ እኔ ልበልህ?» አሏቸው፤ እንዴት አደርክ ማለታቸው ነው።

«እሱ ታሟል፤ እርስዎ ደኅና ነዎት» አሉ ጋሼ ደበበ፣ መዳፋቸውን ሳያነሡ።

ሁለተኛው ልማዳቸው መጠየቅ ነበር። በቤቱ ውስጥ ያለችውን ትልቋን ሴት ፈልገው አጠገቧ ይቀመጡና ስለ ግድግዳው ይጠይቋታል። ቤቱን ማን ሠራው? ጭቃው ከየት መጣ? ከኋላ ከብት ይታሰር ነበር? የሞተው አባወራ ሥራው ምን ነበር? እኔ ወጣት ስለነበርኩ ጊዜ ማባከን ይመስለኝ ነበር። «ጋሼ፣ እኛ የመጣነው ልንቀባ እንጂ ታሪክ ልንጽፍ ነው?» አልኳቸው አንድ ቀን። «ሐኪም የሚመረምረውን ሰው ሳይጠይቅ መርፌ ይወጋል?» አሉኝ።

ሦስተኛው ፌስታል ነው። የታጠበ ግድግዳ ደርቋል አልደረቀም የሚለውን በዓይን አያምኑም። ማታ አንድ ቁራጭ ፌስታል ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር ይለጥፉና ያድራል። ጠዋት ውስጡ ላብ ከቋጠረ የዚያን ቀን ብሩሽ አይነሣም። ሶር አካባቢ ባለው ትምህርት ቤት ፌስታሉ ስድስት ጠዋት ተከታትሎ ላበ። ስድስት ቀን የመስኮት ፍሬም ስናሸት ዋልን። አለቃችን የነበረው መሐንዲስ መኪና ይዞ መጥቶ ምንም እንዳልተቀባ ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«ስንት ካሬ ቀባችሁ?»

«ምንም» አሉ ጋሼ ደበበ።

«ታዲያ ሳምንቱን ሙሉ ምን ስትሠሩ ነበር?»

«ስንጠብቅ።»

መሐንዲሱ ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ሪፖርቱ የሚጠይቀው የተቀባ ካሬ ሜትር ብቻ ነው፤ የታጠበና የተፋቀ የሚጻፍበት ቦታ የለውም። በዚህ ምክንያት ጋሼ ደበበ ከእሱ ጋር ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ መሥሪያ ቤቱን ለቀው በግል መሥራት ጀመሩ፤ እኔም ተከተልኳቸው።

ከእሳቸው የተማርኩትን ሁሉ ብጽፍ ወረቀት አይበቃም። ጥቂቱን ግን ለሚሠራው ሰው ልተው። የተሰነጠቀ ልስን ላይ ዝም ብለህ ስቱኮ አትለጥፍ፤ ስንጥቁን በቢላ ከፍተህ፣ አቧራውን አውጥተህ፣ አርጥበህ ድፈን። አንድ ጊዜ ወፍራም ከመድፈን ሁለት ጊዜ ቀጭን ይሻላል። የምስማር ራስ ሳንቃው ውስጥ ትንሽ ይግባ፣ ዝገት የሚከላከለው አንቲረስት ይንካው፣ ከዚያ ይደፈን። ሳንቃ ውሃ የሚጠጣው በእግሩ ነው፤ ማንም የማያየውን የታች ጫፍ ተንበርክከህ ቀባ። አሸንዳው የሚያፈስ ከሆነ ቀለም አታውጣ፤ መጀመሪያ አሸንዳው ይጠገን። ብርጭቆ ወረቀት የእንጨቱን ጭረት ተከትሎ ይሄዳል፤ ተሻግሮ ከሄደ ጥፋቱ ከቀለሙ ሥር ሆኖ ሁልጊዜ ይታያል።

በዚህ መንገድ ብዙ ቤት ሠራሁ። ጋሼ ደበበ ካረፉ በኋላም ብቻዬን ብዙ ዘመን ሠራሁ፣ ሰውም አመነኝ። አሁን በመቱና በጎሬ መንገድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ሳልፍ የእኔን ግድግዳዎች እቆጥራለሁ። አብዛኞቹ ቆመዋል። ደስ ይለኛል፣ ደስታዬንም አልደብቅም።

አሁን የቀረችውን ልጻፍ። በጊዜ ቅደም ተከተል ከሆነ መካከል ላይ መግባት ነበረባት። ወደዚህ የገፋኋት ስለማፍርባት ነው። ልጆቼን በውሸት ምክንያት ብዙ ጊዜ ቀጥቻለሁ፤ ይህችን ግን ለአንዳቸውም አልነገርኩም።

ከጋሼ ደበበ ጋር በግል መሥራት ከጀመርን አምስተኛው ዓመት ነበር። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ወገባቸውን አሟቸው ተኝተው ሳሉ፣ ከጎሬ እትዬ አስካለ የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት ላኩባቸው። ከጥምቀት በኋላ ልጃቸውን ሊድሩ ነው፤ የሳንቃ ቤታቸው በረንዳ በኩል ያለው ግድግዳ እንዲቀባላቸው ፈለጉ። ጋሼ ደበበ ጠሩኝና፣ «በእኔ ስም ትሄዳለህ። እትዬ አስካለን ከልጅነቴ አውቃቸዋለሁ» አሉኝ። በስማቸው ብቻዬን ስላክ የመጀመሪያዬ ነበር። ከደስታዬ የተነሣ የነገሩኝን ግማሹን አልሰማሁም።

ቤቱ ያማረ ነው። ሳንቃው ወፍራም የቀረሮ እንጨት፣ ፀሐይ አመድማ ያደረገው። እትዬ አስካለ ወንበር አውጥተው፣

«ና ተቀመጥ ልጄ፣ መጀመሪያ እህል ቅመስ» አሉኝ።

«ሥራ ይቅደም እትዬ» አልኳቸው። ጋሼ ደበበ ቢሆኑ ተቀምጠው አንድ ሰዓት ይጠይቋቸው ነበር።

ሠርጉ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር። አጠብኩ፣ ፀሐዩ ጠንካራ ነበርና በሦስት ቀን ደረቀ። ማሸት ስጀምር ብርጭቆ ወረቀቱ ተደፈነ። በንጹሕ እንጨት ላይ ዱቄት ይወጣል፤ እዚህ የወጣው እንደ ሊጥ የሚጣበቅ ጥቁር ነገር ነው። አሸተትኩት። ጋራዥ ጋራዥ ይሸታል። ውሃ በጣቴ ነክሬ ሳንቃው ላይ ጣል ባደርግ፣ ጠብታው ኮባ ቅጠል ላይ እንደወደቀ ተንከባሎ ወረደ።

እዚህ ላይ እውነቱን መጻፍ አለብኝ። አላወቅኩም ማለት ይቀለኝ ነበር። አውቄ ነበር። ቢያንስ ቆሜ መጠየቅ እንዳለብኝ አውቄ ነበር። ግን ከጠየቅኩ መልሱ ሥራውን ያቆመዋል፤ ሥራው ከቆመ ደግሞ «ደበበ የላከው ልጅ አልቻለም» ይባላል። ስለዚህ «ያረጀ እንጨት እንዲህ ነው» ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ራስን ማታለል እንደ ሌላው ሥራ ነው፤ ሲለምዱት ይቀላል። ዘይት ቀለም ገዛሁ፣ ክሬም፤ ከጎሬው ቀለም ሻጭ ከኦቦ ገመቹ ሱቅ። ሁለት እጅ ቀባሁት። ሲታይ እንደ ወተት ነው። እትዬ አስካለ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆመው አዩት።

የሠርጉ ቀን እሑድ ነበር። በረንዳው ምዕራብ ስለሚያይ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ቀጥታ ይመታዋል። አግዳሚ ወንበሮቹ ግድግዳውን ተጠግተው ተደርድረው ሽማግሌዎቹና የሙሽራዋ አክስቶች በነጭ ልብስ ተቀምጠዋል። ቀለሙ ሲነካ ደረቅ ይመስል ነበር፤ ሥሩ ግን አልደረቀም። ሙቀቱ ሲበረታ ከሳንቃው ውስጥ ቡናማ ላብ ይወጣ ጀመር። የሙሽራው ወገኖች እየዘፈኑ ከበር ሲገቡ ሁሉም ሰው ተነሣ። ሰው ተነሣ፣ ነጠላው ቀረ። የአንዷ አክስት ነጠላ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ተወጠረ፤ የአንድ ሽማግሌ ጋቢ ጀርባው ላይ ሙሉ ሳንቃ የሚያህል ክሬምና ቡናማ ተላቅቆ ሄደ። ዘፈኑ ተቋረጠ። ልጆች ሳቁ። እትዬ አስካለ ግን ወደ ጓዳ ገቡ።

«ማን ነው የቀባው?» አለ አንዱ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ጋሼ ደበበ ወገባቸውን ይዘው በትር ተደግፈው ከሰዎቹ መካከል ነበሩ። እኔም፣ «ቀለሙ ነው። የተበላሸ ቀለም ነው የተሸጠልኝ» አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

ኦቦ ገመቹ ከድንኳኑ ጥግ ሳህናቸውን ይዘው ቆመው ነበር። ሳህኑን አስቀመጡት። ባለቤታቸውን በዓይናቸው ጠርተው ወጡ።

በማግሥቱ ሁለት ሰዎች የገዙትን ቆርቆሮ ቀለም ይዘው ወደ ኦቦ ገመቹ ሱቅ መመለሳቸውን ሰማሁ። ጎሬ ትንሽ ከተማ ናት።

ያን ጠዋት ጋሼ ደበበ በትራቸውን ይዘው ግድግዳው ጋ መጡ። እኔም እዚያ ነበርኩ፣ ምን እንደማደርግ ሳላውቅ። አፍንጫቸውን ሳንቃው ላይ አስጠጉ።

«የእትዬ አስካለ ባል ምን ነበር?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

«ሾፌር። የጭነት መኪና። ሾፌር ምስጥ ሲፈራ ሳንቃውን በምን ይቀባዋል?»

«በተቃጠለ ዘይት» አልኩ።

«ስንት ዓመት?»

እሳቸው ራሳቸው መለሱት። «እስኪሞት ድረስ፣ በየዓመቱ። ብትጠይቃቸው ይነግሩህ ነበር። ጠየቅካቸው?»

«አልጠየቅኳቸውም።»

«ብርጭቆ ወረቀቱስ አልነገረህም?»

«ነግሮኛል።»

ይህን ስል ያዩኝ አስተያየት አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። አልተቆጡም። በረንዳው ጠርዝ ላይ በቀስታ ተቀመጡና፣ «ሳንቃው ይድናል። ስለ ገመቹ ግን ምን ልታደርግ ነው?» አሉኝ።

«ሱቃቸው ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

«በጆሮው?» አሉ። «ስሙን ያጠፋኸው በጆሮው ነው? ሠርጉ ላይ የነበረው ሰው በሚቀጥለው እሑድ ለመልሱ እዚሁ ግቢ ይሰበሰባል። የዚያን ቀን ቆመህ ትናገራለህ። ካልሆነ እኔ በአንተ ፈንታ እናገራለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን አብረን አንሠራም።»

ቀጥሎ እትዬ አስካለ ወጡ። የሠርጉ እንሶስላ እጃቸው ላይ ገና አልለቀቀም። ጋሼ ደበበ አሠራሩን ነገሯቸው። የተቃጠለ ዘይት በመፋቅ አይወጣም፤ መላጊያ ከገባበት ሳንቃው ያልቃል። ግን ሳንቃው ወፍራም ነው፣ ዘይቱም ወደ ውስጥ አልዘለቀም። እያንዳንዱ ይነቀልና ይገለበጣል፤ የውስጡ ፊት ወደ ውጭ ይመጣል። ዘይት የጠጣው ፊት ወደ ውስጥ ይዞርና በቺፑድ ጣውላ ይሸፈናል።

«እሑድ ይደርሳል?» አሉ እትዬ አስካለ።

«ሳንቃው ይደርሳል። ቀለሙ አይደርስም። ሙጫው ታጥቦ፣ እንጨቱ ደርቆ፣ ሦስት ሳምንት ይፈልጋል።»

«እና የልጄ መልስ በተራቆተ ግድግዳ ሊሆን ነው? አማቾቼ ምን ይላሉ ደበበ?»

«ይበሉ» አሉ ጋሼ ደበበ። «ሁለተኛ ጊዜ አላዋርድዎትም።»

እትዬ አስካለ የተበላሸውን ግድግዳ አንድ ጊዜ አይተው «እንግዲህ ጀምሩ» አሉ።

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሠራሁ። በመጀመሪያ ያልደረቀውን ቀለም በስፓቱላ ገፈፍኩ፤ ነጭ ጋዝ ውስጥ በተነከረ ጨርቅ ጠረግኩ። ጋሼ ደበበ በጠመኔ እያንዳንዱ ሳንቃ ላይ ቁጥር ጻፉ፤ ያረጀ ሳንቃ ከጎረቤቱ ጋር ተላምዷል፣ ቦታውን ካለዋወጥክበት ብርሃን ያስገባል። ምስማሩን ከጀርባ እየመታሁ ነቀልኩ፣ እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ። የውስጡን ጋዜጣ በሙቅ ውሃ አርጥቤ ላጥኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ መስመር እንኳ አላነበብኩም። ከሥሩ የወጣው እንጨት ቀላ ያለ ንጹሕ ነበር። ውሃ ጠብ ሳደርግበት ጠጣው። ሳንቃው ሲገለበጥ ጠመኔው ወደ ውስጥ ስለሚዞር፣ ንጹሑ ፊት ላይ ቁጥሩን እንደገና ጻፍኩና በየቦታው መታሁት። እትዬ አስካለ በየቀኑ ምሳ አቀረቡልኝ። አላናገሩኝም፤ ምሳው ግን አልጎደለም።

እሑድ ሰው መጣ። ግድግዳው ራቁቱን ቆሟል። አንድም ሰው አልተጠጋውም፤ ወጣቶቹ አግዳሚዎቹን ሁሉ እየሳቁ ወደ ግቢው መካከል ጎትተዋቸው ነበር። ኦቦ ገመቹ እንደማይመጡ ፈርቼ ነበር። ጋሼ ደበበ ጠዋት ቤታቸው ድረስ ሄደው ይዘዋቸው መጡ፤ ምን ብለው እንዳመጧቸው አላውቅም።

ምሳ ከመነሣቱ በፊት ጋሼ ደበበ አዩኝ። ተነሣሁ።

«ባለፈው እሑድ ቀለሙ የተበላሸ ነው ብያለሁ» አልኩ። «ቀለሙ ደኅና ነበር። ሳንቃው የተቃጠለ ዘይት ጠጥቶ ነበር፤ ቀለም አይቀበልም። ይህን እየሠራሁ አውቄዋለሁ፣ ግን ሥራው እንዳይቆምብኝ ዝም አልኩ። ከዚያም ሰው ሲጠይቀኝ ጥፋቴን ኦቦ ገመቹ ላይ ጣልኩ። ዋሽቻለሁ።»

ከዚያም ይህንኑ በኦሮምኛ ደገምኩት፤ ግማሹ እንግዳ ከገጠር የመጣ ነበርና ማንም አልሰማሁም እንዳይል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጥ ከበደኝ።

ጋቢያቸው የተበላሸው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እሱ ይሁን፤ ጋቢዬን የሚያጥብልኝ ማን ነው ታዲያ?» አሉ።

«እሱ ራሱ ያጥባል» አሉ እትዬ አስካለ፣ ከሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እያዩኝ። «ክንዱ ጠንካራ ነው።»

ሰው ሳቀ። ኦቦ ገመቹ ግን አልሳቁም። ተነሡ፣ የተቀመጡበትን አግዳሚ በአንድ እጃቸው ይዘው ጎተቱት። ልረዳቸው ብጠጋ «ዲሲ» አሉኝ፤ ተው ማለታቸው ነው። አግዳሚውን እስከ ግድግዳው አደረሱት። ከዚያም ንጹሕ ነጭ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ፤ ጀርባቸውንም በሰው ሁሉ ፊት ሳንቃው ላይ ሙሉ በሙሉ አሳረፉ። ሳህን አስመጥተው ቀስ ብለው በሉ። ጥቂት ቆይቶ ሽማግሌው ሄደው አጠገባቸው ተቀመጡ፤ ከዚያ ሌሎቹ።

ማምሻውን ሊሄዱ ሲነሡ እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። ጋቢያቸው ላይ፣ ልክ በትከሻቸው መካከል፣ ሰባት ቁጥር በጠመኔ ተገልብጣ ታትማለች። የጻፍኳትን መጥረግ ረስቼ ነበር።

«ኦቦ ገመቹ፣ ይቅርታ፣ ጀርባዎ ላይ...» አልኩ።

ጋቢውን ከትከሻቸው አወረዱና አዩት። አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ሳንቃውን አዩ። ጋቢውን በመዳፋቸው ሁለቴ መታ መታ አደረጉት።

«ይሄኛው ይራገፋል» አሉኝና መልሰው ደረቡት።